ነሐሴ ብቻ የዘነበበት ቻርት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የውሃ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የአዲስ አበባን የ12 ወር አማካይ ዝናብ በባር ቻርት ለማሳየት ፓይተን ላይ ትንሽ ኮድ ጻፍኩ። ምስል አይደለም፤ ተርሚናል (ጽሑፍ ብቻ የሚታይበት መስኮት) ላይ በጽሑፍ ብቻ እንዲወጣ ነው የፈለግሁት። ሦስት ነገር አስቸገረኝ። የወሮቹን ስም በአማርኛ ስጽፍ ባሮቹ ከአንድ ቦታ አይጀምሩም። ኅዳርና ታኅሣሥ ባዶ ሆኑብኝ። የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ያንኑ በሲ (C) ቋንቋ ጽፎት ነሐሴ ብቻ ወጣለት፣ ሌላው ወር ሁሉ ባዶ። የባሩ ስፋት 20 ነው። ላይብረሪ አውርጂ እንዳትሉኝ፣ ራሴ መጻፍ ነው የምፈልገው። ቁጥሮቹ በሚሊሜትር፣ ከጥር ጀምሮ፦ 13፣ 30፣ 58፣ 82፣ 84፣ 138፣ 280፣ 290፣ 149፣ 27፣ 7፣ 7።»

ላይብረሪ አልልሽም። ይሄ በ15 መስመር የሚያልቅ ሥራ ነው። ግን በነዚያ 15 መስመሮች ውስጥ ሰው የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች የታወቁ ናቸው፤ እናንተ ሁለታችሁ ሦስቱን አግኝታችኋቸዋል።

አንድ ነገር ላስቀድም። ኮዱን በአማርኛ ቃላት ነው የምጽፈው። አንቺ በፓይተን፣ እሱ በሲ ስለሆናችሁ ለሁለታችሁም እንዲሆን ብዬ ነው። ትእዛዞቹን ወደየቋንቋችሁ መለወጥ አይከብዳችሁም። ፓይተን 3 እንዲያውም የተለዋዋጭ ስም በፊደል ብትጽፊለት ይቀበላል፤ ዝርዝርሽን «ዝናብ» ብለሽ መሰየም ትችያለሽ። እኔ ሞክሬው ተውኩት። ኪቦርድ እየቀያየሩ መጻፍ ያታክታል።

መጀመሪያ ጓደኛሽን እንገላገለው፣ ቀላሉ እሱ ነው። ሲ ላይ ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል መልሱም ሙሉ ቁጥር ነው። ከነጥብ በኋላ ያለው ይጣላል። ጓደኛሽ ዋጋውን መጀመሪያ ለ290 አካፍሎ፣ ከዚያ በ20 አባዝቶታል፤ ሌላ ምክንያት አይታየኝም። 280 ለ290 ሲካፈል 0.97 ገደማ ነው፣ ሲ ግን 0 ይላል። 0 በ20 ቢባዛ ያው 0። 290 ለ290 ብቻ ነው 1 የሚሰጠው፣ እሱ በ20 ሲባዛ 20። ነሐሴ ብቻ የዘነበው ለዚህ ነው። ቅደም ተከተሉን ይገልብጠው፦ መጀመሪያ ያባዛ፣ ቀጥሎ ያካፍል። 280 በ20 5600፣ ለ290 ሲካፈል 19። ተፈታ። ፓይተን 3 ላይ በአንድ ሰያፍ መስመር ስታካፍዪ ነጥብ ያለው ቁጥር ስለሚመጣ ነው አንቺን ያልነካሽ። በሁለት ሰያፍ መስመር ብታካፍዪ ኖሮ አንቺም ያው ነበርሽ።

የኅዳርና የታኅሣሥ ጉዳይ ሌላ ነው። 7 በ20 ተባዝቶ ለ290 ሲካፈል 0.48 ይመጣል። ብትቆርጪውም 0፣ ብታጠጋጊውም 0። ኮድሽ የታዘዘውን ሠርቷል። 290 ሚሊሜትርን 20 ሳጥን ላይ ስታሰፍሪ አንዱ ሳጥን 14.5 ሚሊሜትር ይይዛል። 7 ከግማሹም ያንሳል፣ ስለዚህ ወደቀ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስፋቱን ወደ 50፣ ወደ 60 ያሳድጋል። ይሠራል። እኔ ግን ጥያቄውን ገልብጬ መጠየቅ እመርጣለሁ። ባሩ ስንት ሳጥን ይሁን ከማለት፣ አንዱ ሳጥን ስንት ሚሊሜትር ይያዝ ብለሽ ጀምሪ። ላንቺ ዳታ 10 ሚሊሜትር ልክ ነው። ትልቁ ወር 29 ሳጥን ይሆናል። የሚያየውም ሰው ሳጥን ቆጥሮ ቁጥሩን ያገኘዋል። 14.5ን ማን ቁጭ ብሎ ያባዛል?

ይሄን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ ሰርቨራችን በየሰዓቱ ስንት ጥያቄ እንዳስተናገደ የምታሳይ እንዲህ ያለች የጽሑፍ ቻርት ነበረችኝ። ስክሪን የሌለው ማሽን ላይ ያለች፣ ማታ ማታ ከቤት በቀጭን ኢንተርኔት ገብቼ የማያት። ልኬቷን ከዕለቱ ትልቅ ቁጥር ጋር ራሷ እንድታስተካክል አድርጌ ነበር የጻፍኳት። ሳምንቱን ሙሉ ቅርጿ ያው ነው፤ ጠዋት ከፍ፣ ምሳ ሰዓት ዝቅ፣ ከሰዓት ከፍ። ደህና ነን ብዬ እተኛለሁ። ለካ ጭነቱ ሦስት እጥፍ ደርሷል። ትልቁ ቁጥር ባደገ ቁጥር ልኬቱም አብሮ እየሰፋ፣ ባሮቹ ንቅንቅ አላሉም። ያወቅነው ማሽኑ ቀጥ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ የሚነጻጸር ነገር ከሆነ ልኬቱን በእጄ ነው የማስረው። አንቺም ነገ የባሕር ዳርን ዝናብ ከአዲስ አበባ ጎን ታስቀምጪ ይሆናል። ሁለቱ በየራሳቸው ትልቅ ቁጥር ከተለኩ እኩል የዘነበባቸው ይመስላሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ኮድ ይሄ ነው፦

```
ሳጥን = 10
ለእያንዳንዱ ዋጋ፦
    ርዝመት = አጠጋጋ(ዋጋ ÷ ሳጥን)
    አትም  ዋጋ፣ "|"፣ "█" × ርዝመት
```

ፓይተን ላይ ጽሑፍን በቁጥር ማባዛት ስለሚቻል የመጨረሻው መስመር እንዳለ ይሄዳል። ሲ ላይ ለእሱ ሌላ ትንሽ ሉፕ (እየደጋገመ የሚያትም ትእዛዝ) ያስፈልጋል።

«አጠጋጋ» የሚለው ላይ ግን ቆም በይ። የፓይተን 3 ማጠጋጊያ ትምህርት ቤት እንደተማርነው አይደለም። ቁጥሩ ልክ መሀል ላይ ሲሆን ወደ ቅርቡ ተጋማሽ ቁጥር ነው የሚሄደው። 1.5 ወደ 2 ይወጣል፣ 2.5 ግን ወደ 2 ይወርዳል። እንግዲህ አንድ ወር 15 ሚሊሜትር፣ ሌላው 25 ሚሊሜትር ቢዘንብ ሁለቱም 2 ሳጥን ይሆናሉ ማለት ነው። 35 ሲሆን ደግሞ ድንገት 4። ይሄ የባንክ ሰዎች አጠጋግ ይባላል፤ ብዙ ቁጥር ሲደመር ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል የሚጠቅም ነገር ነው። ለባር ግን አይሆንም። 0.5 ደምሪና ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁረጪ፣ አለቀ። ዝናብ ከዜሮ በታች ስለማይወርድ ይሄ ዘዴ አያሳስትሽም።

አሁን ሌላ ነገር እይ። ኤፕሪል 82 ነው፣ ሜይ 84። ሁለቱም 8 ሳጥን ይሆናሉ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ተዪው ማለት ይቻላል። ግን ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ዝርዝር) ውስጥ ለዚህ ተብለው የተቀመጡ የሚመስሉ ምልክቶች አሉ፤ ሳጥኑን ከግራ ወደ ቀኝ በስምንተኛ በስምንተኛ የሚሞሉ። ▏ ስምንተኛው ነው፣ ▌ ግማሹ፣ ▉ ሰባት ስምንተኛው፣ █ ሙሉው። መለያ ቁጥራቸው ተከታታይ ነው። ሙሉው ሳጥን 9608፣ ስምንተኛው 9615። ስለዚህ ስንት ስምንተኛ እንደምትፈልጊ ካወቅሽ ከ9616 ላይ ቀንሺው። 8 ሲቀነስ 9608፣ 1 ሲቀነስ 9615። ሠንጠረዥ መያዝ አያስፈልግም፦

```
ስምንተኛ = ቁረጥ(ዋጋ × 8 ÷ ሳጥን + 0.5)
ሙሉ    = ስምንተኛ ለ8 ሲካፈል የሚገኘው ሙሉ ቁጥር
ቀሪ    = ስምንተኛ ለ8 ሲካፈል የሚተርፈው
ባር    = "█" × ሙሉ
ቀሪ ከ0 ከበለጠ፦
    ባር = ባር + ምልክት(9616 − ቀሪ)
```

«ምልክት» ያልኩት ቁጥር ተቀብሎ የዩኒኮድ ምልክቱን የሚሰጠውን ተግባር ነው። ኤፕሪል 82 በ8 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል 65.6፣ ተጠጋግቶ 66፤ ስምንት ሙሉና ሁለት ስምንተኛ። ሜይ 67፤ ስምንት ሙሉና ሦስት ስምንተኛ። በዓይን የሚለይ ሆነ። 7 ሚሊሜትር የነበራቸው ሁለቱ ወሮችም ስድስት ስድስት ስምንተኛ አገኙ።

እዚህ ላይ የምጨክንበት ደንብ አለኝ። ዋጋው ከዜሮ የሚበልጥ ከሆነ ባሩ ባዶ አይሁን፤ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ቢያንስ ▏ ይታይ። ዜሮ ከሆነ ደግሞ ባዶ ይሁን። መለኪያው ተበላሽቶ ወይም ሳይነበብ ቀርቶ ቁጥር የሌለበት ወር ከሆነ ባዶ መተው የለብሽም፣ «የለም» ብለሽ ጻፊበት። ያልዘነበ ወርና ያልተለካ ወር ለአንቺ ሙያ ሰማይና ምድር ናቸው። ብዙ ኮድ ግን ሁለቱንም ዜሮ አድርጎ ያትማል።

አሁን ወደ ስሞቹ። ይሄኛው የእኛ የፊደል ተጠቃሚዎች ጣጣ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ስሞቹ እኩል ቦታ እንዲይዙ በስፔስ እየሞላሽ ነው፣ አይደል? ፓይተን «መስከረም»ን ሲቆጥር 5 ይላል፣ «ጥር»ን 2። ልክ ነው። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። «ከ» አንድ ነው፣ «ኩ» ራሱን የቻለ ሌላ። የአናባቢ ምልክት ለብቻው የሚቀጠልባቸው ጽሕፈቶች የሚያጋጥማቸው የቆጠራ ራስ ምታት እኛ ጋ የለም። ስለዚህ ስፔሱ በትክክል ተሞልቷል። የሚበላሸው ስክሪኑ ላይ ሲደርስ ነው።

ለኮድ የሚመረጡት ፎንቶች ላይ ሁሉም ምልክት እኩል ስፋት አለው። ቁጥርም፣ ስፔስም፣ █ም አንድ አንድ ሳጥን። አብዛኞቹ ግን ውስጣቸው የእኛ ፊደል የለም። ኮምፒውተሩ ሲያጣው ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ ዊንዶውስ ላይ ከናይላ ወይም ከኢብሪማ፣ ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ ከኖቶ። የተበደረው ፎንት ላይ ደግሞ ሆሄዎቹ እኩል አይደሉም። «ጠ»ንና «ር»ን ጎን ለጎን እያቸው። አንዷ ሦስት እግሯን ዘርግታለች፣ ሌላዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ኮድ የምትጽፊበት ፕሮግራም ይሄን ስፋት እንዳለ ካሳየው ባሩ ወደ ቀኝ ይገፋል፣ በእያንዳንዱ ወር በተለያየ መጠን። እውነተኛ ተርሚናል ከሆነ ደግሞ ለሆሄው አንድ ሳጥን ብቻ ይሰጠዋል። ያኔ ባሮቹ ይሰለፋሉ፣ ፊደሎቹ ግን እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ይደራረባሉ።

ጓደኛሽ ስም ሲጨምር የሚገጥመው ከዚህ የባሰ ነው። ሲ የሚቆጥረው ባይት ነው። በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች በባይት የሚጻፉበት ዘዴ) አንዱ ሆሄያችን 3 ባይት ይይዛል። «መስከረም» ለሲ 15 ነው። ስሙ 10 ቦታ ይያዝ ብሎ ቢያዝዘው፣ 15 ከ10 ስለሚበልጥ አንድም ስፔስ አይጨምርለትም። «ጥር» 6 ባይት ስለሆነ 4 ስፔስ ይጨምርለታል። ስክሪኑ ላይ መስከረም 5 ቦታ ሲይዝ ጥር ከነስፔሱ 6 ያዘ። አጭሩ ስም ከረጅሙ በለጠ። ፎንት ሲቀያይር እንዳያመሽ ንገሪው።

መፍትሔው ግን ቆጠራውን ማስተካከል ውስጥ የለም። ፎንቱ የሰው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ አንቺ አታዢውም። ታብም አያዛልቅም፤ «ማርች»ን ያሰልፍና «ሴፕቴምበር» ላይ ያፈነግጣል። ስሙን ከባሩ በስተቀኝ ውሰጂው። በግራ በኩል ቁጥር ብቻ ይቅር፣ ቁጥር ሁሌም እኩል ስፋት አለው። ከስሙ በኋላ ምንም ስለማይመጣ ሰፋ ጠበበ ማንንም አይገፋም፦

```
 13 |█▎ ጃንዋሪ
 30 |███ ፌብሩዋሪ
 58 |█████▊ ማርች
 82 |████████▎ ኤፕሪል
 84 |████████▍ ሜይ
138 |█████████████▊ ጁን
280 |████████████████████████████ ጁላይ
290 |█████████████████████████████ ኦገስት
149 |██████████████▉ ሴፕቴምበር
 27 |██▊ ኦክቶበር
  7 |▊ ኖቬምበር
  7 |▊ ዲሴምበር
```

ቁጥሩን በቀኝ በኩል አሰልፊው፣ ማለትም ሦስት ቦታ ያዢለትና ፊቱን በስፔስ ሙዪው። 7 እና 290 በአንድ ማዕረግ እንዲቆሙ ነው። መጨረሻ ላይ «█ = 10 ሚሊሜትር» የምትል መስመር ጨምሪ። ልኬት የሌለው ቻርት ሥዕል ብቻ ነው።

ስሞቹን ለምን ቀየርክብኝ እንዳትዪኝ። ቁጥሮችሽ በፈረንጆቹ ወር የተደመሩ ናቸው፤ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። «ጥር» ብለሽ ስትጽፊ አንባቢ ጥር 1ን ያስባል፣ እሱ ደግሞ ጃንዋሪ 9 ነው። ነሐሴም የሚገባው ኦገስት 7 ነው። በክረምት ስድስት ቀን ቀላል ውሃ አይደለም። በእኛ ወር ማሳየት ከፈለግሽ ከዕለት ዳታ ተነሥተሽ እንደገና መደመር አለብሽ። ያን ያደረግሽ ዕለት ደግሞ ጳጉሜ ትመጣለች። አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስላላት ድምሯ ከነሐሴና ከመስከረም መሀል እንደ ጥርስ መውለቅ ክፍተት ይሠራል። ዝናቡ ድንገት ያቆመ ይመስላል። እንዲህ ሲሆን የወሩን ድምር ትተሽ የቀን አማካይ አስዪ፤ ድምሩን ለቀኖቹ ብዛት አካፍዪ። ያኔ ጳጉሜ ቦታዋን ታገኛለች።

ስለ ባር ይሄ ይበቃል። ቀጥለሽ የምትጠይቂኝ በነጥብ ስለሚሳል ግራፍ እንደሆነ ስለማውቅ እሱንም ልጨምር፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ያለው ወጥመድ ይበልጣል።

ባር ቻርት መስመር በመስመር ስለሚታተም ምንም ማስቀመጥ አያስፈልገውም። በነጥብ የሚሳለው ግን መጀመሪያ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ባዶ ፍርግርግ ይፈልጋል፤ ረድፍና አምድ ያለው፣ በስፔስ የተሞላ። ነጥቦቹን በየቦታቸው ታስቀምጫለሽ፣ መጨረሻ ላይ ረድፍ በረድፍ ታትሚዋለሽ።

ፓይተን ላይ ፍርግርጉን በማባዛት ለመሥራት ትፈተኚያለሽ። አንድ ረድፍ ሠርተሽ «× 11» ማለት። አታድርጊው። የምታገኚው 11 ረድፍ አይደለም፤ አንድ ረድፍ በ11 ስም ነው። 11 ቁጥር የተለጠፈበት አንድ በር በይው። በየትኛውም ብታንኳኪ የሚከፍትልሽ ያው ሰውዬ ነው። አንድ ኮከብ ስታስቀምጪ ከላይ እስከ ታች በሁሉም ረድፍ ይታያል፣ ስክሪንሽ በቀጥ ያሉ መስመሮች ይሞላል። እኔ ይሄን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቀመሬን ነበር የጠረጠርኩት። ግማሽ ቀን በላኝ። እያንዳንዱን ረድፍ በሉፕ ውስጥ አዲስ ፍጠሪው።

ቀጥሎ አቅጣጫ። ሒሳብ ላይ ቁመት ወደ ላይ ያድጋል። ተርሚናል ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው የሚጽፈው፣ ረድፍ 0 ጣሪያው ነው። ካልገለበጥሽው ክረምቱ ሸለቆ፣ በጋው ተራራ ሆኖ ይወጣል። ቀመሩ ይሄ ነው፦

```
ደረጃ = ቁረጥ((ዋጋ − ትንሹ) × (ቁመት − 1) ÷ (ትልቁ − ትንሹ) + 0.5)
ረድፍ = (ቁመት − 1) − ደረጃ
```

«ቁመት − 1» የሆነው ረድፎቹ ከ0 ስለሚቆጠሩ ነው። 11 ረድፍ ካለ የመጨረሻው 10 ነው። አንዷን ቀንሰሽ ካልጻፍሽ ደረጃው 11 ይደርሳል፣ ረድፉም −1 ይሆናል። አንዳንድ ሌላ ቋንቋ ላይ ፕሮግራሙ ይጮኽብሽ ነበር። ፓይተን ላይ −1 ማለት የመጨረሻው ረድፍ ስለሆነ ዝም ብሎ ይቀበልሻል። ትልቁ ቁጥርሽ ከሁሉም በታች ይወጣል። ድምፅ የሌለው ስህተት ከሚጮኸው ይከፋል።

«ትንሹ»ንና «ትልቁ»ን 0 እና 300 አድርጌ፣ አንዱን ረድፍ 30 ሚሊሜትር ሰጥቼ፣ ለእያንዳንዱ ወር ሦስት አምድ ይዤ ያንቺን ዳታ ስስለው እንዲህ ሆነ፦

```
300 |                       *
270 |                    *
240 |
210 |
180 |
150 |                 *        *
120 |
 90 |           *  *
 60 |        *
 30 |     *                       *
  0 |  *                             *  *
    +------------------------------------
       1  2  3  4  5  6  7  8  9 10 11 12
```

ከታች ስም ትቼ የወር ቁጥር የጻፍኩት በዚያው በፊደል ጣጣ ነው። ወደ ታች የሚጻፍ ስም ስክሪን ላይ ማንም አያነበውም።

የጽሑፍ ሳጥን ካሬ አይደለም፤ ቁመቱ የስፋቱን ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ክብ ብትስዪ እንቁላል ይወጣል። ለዝናብ ግድ የለውም። ካርታ ወይም የወንዝ መስመር ለመሳል ካሰብሽ ግን አምዶቹን እጥፍ አድርጊ።

ከዚህ የጠራ ነገር ሲያምርሽ ብሬል አለልሽ። ዓይነ ስውራን የሚያነቡበት የነጥብ ጽሕፈት ዩኒኮድ ውስጥ በ8 ነጥብ ነው የገባው፤ ወርዱ 2፣ ቁመቱ 4። 256 ቅርጾች በሙሉ ከ10240 ጀምሮ ተደርድረዋል። ስለዚህ በአንድ የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ 8 ነጥብ ታስቀምጫለሽ። ሳጥኑም ረጅም ስለሆነ ነጥቦቹ ካሬ ላይ የተቀመጡ ያህል ይቀራረባሉ። የነጥቦቹ ዋጋ በግራ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 4፣ 64 ነው። በቀኝ 8፣ 16፣ 32፣ 128። የበሩትን ደምረሽ 10240 ላይ ትጨምሪያለሽ። 64 እና 128 ከታች ለምን ዘለሉ ካልሽ፣ ብሬል ሲፈጠር 6 ነጥብ ነበር፤ የታችኞቹ ሁለቱ ኋላ ነው የተጨመሩት።

ለአንድ መስመር ብቻ ቦታ ካለሽ ደግሞ ከታች ወደ ላይ የሚሞሉትን ሳጥኖች ውሰጂ። እነሱ 9600 ላይ ስንት ስምንተኛ እንደሆኑ በመደመር ይገኛሉ። የአዲስ አበባ ዓመት በ12 ምልክት ይሄው፦

▁▁▂▂▂▄██▄▁▁▁

በልጉ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ክረምቱ ሲነሣ ይታይሻል። ቁጥር ግን አይነበብበትም፣ ስለዚህ ለሪፖርት አይሆንም። እኔ ከሠንጠረዥ ጎን ነው የምሰካው።

አሁን የት ነው የምታሳዪው? ተርሚናል ላይ ከሆነ 80 አምድ አትለፊ። ይሄ ቁጥር አይቢኤም በ1928 ካወጣው ባለ 80 አምድ የቀዳዳ ካርድ ጀምሮ እየተወረሰ የመጣ ነው። 1978 የወጣው ቪቲ100 ተርሚናልም 80 በ24 ነበር። ዛሬም ፓይተን የስክሪኑን ስፋት ጠይቀሽው ማወቅ ሲያቅተው 80 በ24 ብሎ ይመልስልሻል። ቴሌግራም ላይ ለጓደኞችሽ የምትልኪው ከሆነ ከፊትና ከኋላ ሦስት ሦስት የተጋደመ ነጠላ ጥቅስ (`) አድርጊበት፣ ያኔ እኩል ስፋት ባለው ፎንት ይወጣል። አለዚያ ስፔሶቹ ጠብበው ነጥቦችሽ ይበተናሉ። ስልክ ጠባብ ስለሆነ ረጅሙ ባር ሊታጠፍ ይችላል። የታጠፈ ባር ደግሞ አዲስ ወር ይመስላል። ለስልክ ሳጥኑን 20 ሚሊሜትር አድርጊው።

ዊንዶውስ ላይ ከሆንሽ ሌላ የምትገረሚበት ነገር አለ። ስክሪኑ ላይ በትክክል የወጣው ቻርት ወደ ፋይል ሲላክ በስህተት መልእክት ይቆማል። ፓይተን ከ3.6 ጀምሮ ለስክሪኑ በዩኒኮድ ይጽፋል፣ ወደ ፋይል ሲዞር ግን የኮምፒውተሩን የቆየ ኮድ ገጽ (ከዩኒኮድ በፊት የነበረ አጭር የፊደላት ዝርዝር) ሊጠቀም ይችላል። እዚያ ውስጥ ፊደላችንም ▊ም የሉም። ፋይሉን ራስሽ በዩቲኤፍ 8 ክፈቺው። ያም ካልተመቸ █ን በ# ተኪው፤ ስምንተኛዎቹ ይቀሩብሻል እንጂ # የማይወጣበት ማሽን አላውቅም።

መምህርሽ ፊት ከማቅረብሽ በፊት በአራት ዝርዝር ሞክሪው። 12ቱም ዜሮ በሆኑበት። 12ቱም 50 በሆኑበት፤ የነጥቡ ግራፍ ላይ ትልቁንና ትንሹን ከዳታው ከወሰድሽ ልዩነታቸው ዜሮ ይሆንና በዜሮ ታካፍያለሽ። አንድ ቁጥር ብቻ ባለበት። አንዱ ወር ባልተለካበት። እነዚህን ካለፈ ለጓደኛሽ ላኪለት፣ ወደ ሲ ይገልብጠው። ማባዛቱን ማስቀደሙን እንዳይረሳ።